ፎልደሩ ውስጥ የከተትኩት ፈቃድ

ፈቃዱን ፎልደሩ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያውኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ወንድሜ አይደለም፣ ላውየሩም አይደለም፣ ሰይጣንም አላሳሳተኝም። እኔ ራሴ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው አፓርታማዬ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ሁሉ ዘርግቼ፣ አንድ በአንድ ፕላስቲክ እያለበስኩ፣ ያንንም ከቤት ኪራይ ውሉ ቀጥሎ ሰካሁት። ያውም ደስ እያለኝ። «አሁን ገና ሞላ» ነበር ያልኩት። አፌን በቆረጠው!

የምለው ፈቃድ የሀሺሽ ፈቃድ ነው። አዎ፣ ሀሺሽ። እዚህ ሀገር «ሜዲካል ካናቢስ» ብለው ስሙን አሳምረውታል፤ ሐኪም ይመሰክርለታል፣ ስቴቱ፣ እንደኛ ክልል በሉት፣ ካርድ ያወጣለታል፣ በዋናው መንገድ ላይ የስልክ መሸጫ የመሰለ ሱቅ ተከፍቶ ይሸጣል። ወንድሜ ሀሺሽ የሚለውን ቃል አንድም ቀን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም፤ «ጠብታው» ነው የሚለው። እውነትም ጠብታ ነው፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ ዘይት ነገር። እኔም ጠብታው እላለሁ።

ወንድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ እያልኩ አንተ የምለው ሰው እሱ ብቻ ነው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷ ግን ሃያ አንድ ዓመት አልፏት ስለነበር አብራው መምጣት አትችልም ተባለ። «በሕጉ ልጅ አይደለችም» አሉት። ለአባቷ ልጅ ካልሆነች የማን ልጅ ልትሆን ነው? እሱ እንደሆነ እሺ ብሎ ዋጠው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ያዘ፣ ግሪን ካርዱ እጁ እንደገባ ደግሞ ለልጁ አመለከተላት።

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አባት ማምጣት የሚችለው ያላገባች ልጁን ነው። ካገባች ማመልከቻው በዚያው ቀን ይሞታል፤ ወረፋ የጠበቀችባቸው ዓመታት ሁሉ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። አባትየው አስቀድሞ ዜግነቱን ከያዘ ግን ብታገባም ወረፋዋ አይጠፋም። ይህን ያወጣው ሰው ልጅ ነበረው ወይ እላለሁ አንዳንዴ።

ስለዚህ ልጅቷ አላገባችም። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያው የተዋወቀችው እጮኛ አላት። ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፣ ቀለበት አስሯል፣ ቀን ግን አይቆረጥለትም። አራት ዓመት። ወንድሜ በደወለ ቁጥር «ትንሽ ታገሺኝ ልጄ፣ ዜግነቴን ልያዝና» ይላታል፤ እሷም «እሺ አባዬ» ትለዋለች። ነገሩ ይኸው ነበር። የእሱ ዜግነት ማለት የእሷ ሠርግ ማለት ነበር።

ጠብታው የመጣው በበረዶ ጦስ ነው። አንድ ክረምት ጧት ወደ ሥራ ሲገባ የጋራዡ መውጫ ላይ አንሸራቶት በጀርባው ተዘረረ። የአከርካሪው ዲስክ ነርቩን ተጭኖ ግራ እግሩን ያዘው። ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ጀርባው ዳነ፣ እግሩ ግን አልዳነም። ከዳሌው እስከ አውራ ጣቱ ያቃጥለዋል። በተለይ ከሰዓት በኋላ ሲብስበት ፊቱ አመድ ይመስላል፤ የሚያወራው ነገር መሃሉ ላይ ይቋረጥና ጥርሱን ይነክሳል። የሰጡት ክኒን አደነዘዘው። ታኮማ ፓርክ ላይ የተሳፈረበት አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ ደርሶ ሾፌሩ ነው ትከሻውን ነቅንቆ የቀሰቀሰው። በዚህ አፍሮ ክኒኑን ተወና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማንጋት ጀመረ። በስተመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ነው «ካናቢስ ለምን አትሞክርም? ሜሪላንድ ውስጥ እኮ ሕጋዊ ነው» ያለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሱቁ ገብቶ ይገዛል፣ አለቀ ደቀቀ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ መታወቂያ አሳይቶ መግዛት ይችላል፤ ካርድም ፈቃድም አያስፈልገውም። ወንድሜ ግን ሳያስፈቅድ ውሃ የማይጠጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። አባ ጠይቀው ጠይቀው «መድኃኒት ነው ወይስ ደስ እንዲልህ ነው?» አሉት። «መድኃኒት ነው አባቴ» አለ። «እንግዲያው ከታዘዘልህ እንዳታሳልፍ» ብለው ፈቀዱለት። ከዚያ ሐኪሙ መሰከረለት። ከዚያ ለስቴቱ አመለከተ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ከሀያትስቪል እስከ አሌክሳንድሪያ የዘመድ አዝማዱን ፎርም የምሞላ እኔ ነኝና። «ጋሼ፣ ይሄ ካርድ እኮ ባይኖርህም ይሸጡልሃል» አልኩት። «ተይ እንጂ! እንደ ዱርዬ በጓሮ በር ልገባ ነው?» አለኝ። የሰው ሀገር ሕግ ማክበር አለብን ማለቱ ነው።

ካርዱ የመጣ ቀን አብሬው ሱቁ ሄድኩ። ሱፉን ለብሶ ከረባት አስሮ ነበር የሄደው፤ ኤምባሲ የተቀጠረ ነው የሚመስለው። በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያችንን አየ። ውስጡ በመብራት የተንቆጠቆጠ ነው፤ ሙዚቃ አለ፣ የሚበላው፣ የሚጨሰው፣ የሚቀባው በየመስታወቱ ተደርድሯል። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ልጅ «ዛሬ ምን ልርዳችሁ?» ብላ ፈገግ አለች። ወንድሜ ካርዱን በሁለት እጁ ዘረጋላት። «ሐኪም ያዘዘልኝን» አላት። የምትሸጥለትን ጠርሙስ ስታሳየው መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን አንድ በአንድ አነበበ። ደረሰኙን ስትሰጠው ገልብጦ አየውና በአማርኛ ወደኔ ዞሮ «ማህተም የለውም እንዴ?» አለኝ። ከሳቄ ብዛት መቆም አቃተኝ። ያን ጊዜ እስቅ ነበር።

ጠብታው ሠራለት። አላጋንንም፤ እግሩ አልዳነም፣ ግን ተኛ። ሥራው ላይ ቆሞ መዋል ቻለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ እኔ ቤት ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ጠርሙሱን ትቶት ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ይዞ መሻገር ወንጀል ነው የሚል ነገር አንብቦ ነበር። ትክክል ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። ወዲያም ማዶ ተፈቅዷል፣ ወዲህም ማዶ ተፈቅዷል፤ ጠርሙሱን ይዘህ በመሃል ያለውን ድልድይ ከተሻገርክ ግን የፌደራሉን ሕግ ጥሰሃል። አሁን ይሄ ጤነኛ ሰው ያወጣው ነው? «ጋሼ፣ ማን ይፈትሽሃል? በናትህ ኪስህ ውስጥ ጣል አድርገህ ና» ብዬ ስንቴ ለመንኩት። «የሚፈትሸኝ ባይኖር እኔ አውቀው የለም?» ይለኛል። እናም ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋዬ ላይ እግሩን እያሻሸ ላብ ያጠምቀዋል። ሕግ ላለመጣስ እኮ ነው! ይህንን ሰው ነው ኋላ «መልካም ሥነ ምግባር የለውም» ያሉት።

አምስት ዓመቱ ሞልቶ ለዜግነት አመለከትን። ፎርሙ ላይ ከዕፅ ጋር የተያያዘ ሕግ ጥሰህ ታውቃለህ ወይ የሚል አለ። አነበብኩለት። «ኧረ እግዚአብሔር ይጠብቀኝ» አለ። እኔም የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሁለታችንም አልዋሸንም። ፈቃድ ያለው ሰው ምን ሕግ ጣሰ?

ኢንተርቪው ሲቀጠር ፎልደሩን አዘጋጀሁ። የኛን ሰው ፎልደር ያየ ያውቃል። የጠየቁትን ሳይሆን ሊጠይቁ የሚችሉትን ሁሉ ነው የምንይዘው። ቀበሌ አንድ ወረቀት ጎድሎብን «ነገ ና» ተብለን ያደግን ነን። የታክስ ወረቀቱ፣ የኪራይ ውሉ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የሚስቱ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርዱ፣ ጋራዡ «ታታሪ ሠራተኛ» ብሎ የሰጠው ምስጋና፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነቱ ሳይቀር። ሁሉም በየፕላስቲኩ። ያን ቀን ማታ ደግሞ ስቴቱ የጻፈለትን የካናቢስ ፈቃድ አየሁትና አሰብኩ። ስለ ዕፅ ቢጠይቁትስ? ይሄው መንግሥት የጻፈው፣ ቁጥር ያለው፣ አርማ ያለው። ያሳያቸዋል፣ ያልቃል። ከተትኩት። «ጎሽ፣ እሱን ረስቼው ነበር» አለኝ ወንድሜ።

ኢሚግሬሽን ቢሮው ውስጥ እኔ ከእሱ ጋር መግባት አልተፈቀደልኝም። ኮቱን ታቅፌ ሎቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሆነው። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ላይ ኤርፖርት የተቀበልኩት ቀን እንኳ እንደዚያ አልበራም። «እንዴት ሆነልህ?» አልኩት። የታሪክ ጥያቄውን ስድስቱን በተከታታይ መለሰ፣ እንግሊዝኛውን አነበበ፣ ጻፈ። «ኦፊሰሩ ጨዋ ልጅ ነው፣ የሚገርምሽ ጨዋ» አለኝ። ከዚያ ስለ ዕፅ ጠየቀው። ተጠቅመህ ታውቃለህ አለው።

«ምን አልከው?»

«ያለ ፈቃድ በፍጹም አልኩት።»

ኦፊሰሩ «በፈቃድስ?» አለው። ወንድሜ ይህን ጊዜ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ፎልደሩን ከፍቶ ፕላስቲኩን አወጣለት። ልጁ አገላብጦ አየው፣ ኮፒ አደረገው። መቼ ጀመርክ፣ በየስንት ጊዜው ትወስዳለህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወሰድከው መቼ ነው እያለ ጠየቀና ጻፈ። ወንድሜም አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ የዛሬ ጧቱን ጭምር። አንብቦ ፈረመለት። ልጁም ስለ ቅንነቱ አመሰገነው።

«ፎልደሩ ረዳን» አለኝ ወንድሜ።

«አላልኩህም?» አልኩት።

እንዲህ አልኩት። ይህንን ቃል ዛሬ ሳስታውሰው ቆሽቴ ያርራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳ በላን፣ ጥብስ አዘዝን፣ እሱም ከምሳው መሃል ተነስቶ ለልጁ ደወለላት። «አለቀ ልጄ፣ ቀን ቁረጡ» አላት። በስልኩ ውስጥ ስትጮህ እኔም ሰማኋት። ጥር ላይ ቆረጡ። አዳራሽ ያዙ፣ ሚዜ መረጡ፣ የቀሚሱን ፎቶ ላከችልን፤ አንዱን ውደዱልኝ ብላ አራት።

ደብዳቤው የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ሳይከፍተው ደወለልኝ፤ የዜግነት መሐላ የሚፈጽምበት ቀን የተጻፈበት ነው ብሎ ስላሰበ አብረን እንክፈተው አለ። ድልድዩን እንዴት እንደተሻገርኩት አላውቅም፤ ኬክ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ተከልክሏል ይላል። በፌደራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ መጠቀሙን በመሐላ አምኗል፤ ስለዚህ መልካም ሥነ ምግባር እንዳለው አላረጋገጠም።

«ሥነ ምግባር ነው ያለው?» አለኝ ወንድሜ።

«ተወው ጋሼ።»

«የለም፣ ደግመሽ አንብቢው። ሥነ ምግባር ነው ያለው?»

ደግሜ አነበብኩለት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የወደቀ ብር ሲያገኝ ባለቤቱን ፍለጋ ሦስት ፎቅ የሚወጣ ሰው ነው። ለሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፤ አባን ምን ብዬ አያቸዋለሁ ብሎ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ «ምንም አላጠፋም በሉልኝ» ብዬ ለምኜ፣ ራሳቸው ደውለውለት ነው የወጣው።

ላውየር ዘንድ ሄድን፤ አበሻ ጠበቃ ነው፣ ቢሮው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደብዳቤውን አይቶ ግንባሩን ያዘ። «ስቴቱ ቢፈቅድም ፌደራሉ አልፈቀደም። ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ ፌደራሉ ነው» አለን።

«ታዲያ ስቴቱ ካርድ ሲሰጠው ይሄን ለምን አልጻፈበትም?» አልኩት።

«አይጽፉም እህቴ።»

«ፌደራሉስ ሱቁን ለምን አይዘጋውም? ከቢሮህ መስኮት ይታያል እኮ!»

«አይዘጉም።»

«የሚዘጉት የኛን ፋይል ብቻ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ላውየሩ አልተቀየመም፤ ስንቱን እንዲህ እንዳረዳ እንጃ። ረጋ ብሎ ነገረን። ከሀገርም ሊያስባርረው የሚችል ነገር ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ጠብታውን ይተው። ለመጨረሻ ጊዜ ከወሰደበት ቀን አምስት ዓመት ይቆጠር፣ ያኔ እንደገና ያመልክት። እስከዚያ ከሀገር አይውጣ፤ ወጥቶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ይህንኑ ቃሉን አውጥተው አትገባም ሊሉት ይችላሉ። ሕጉ ሊላላ ነው የሚል ወሬ በየጊዜው ይሰማል፣ ግን ወሬን ይዞ ሰው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ወረቀት ባይታይ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም። ዓይኔ ጫማዬ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ የከተትኩት» አልኩ።

«ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ ቶሎ ብሎ። «ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ከተትሽው አልከተትሽው ልዋሽ ኖሯል?»

እውነቱን ነው፣ አይዋሽም ነበር። ይህም ቢሆን አላጽናናኝም።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ጠርሙሱን ሲንኩ ላይ ዘቀዘቀው። ጥር መቅረቱን ለልጅቷ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እሱ አልቻለም። ስለ ጠብታው ግን አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ በእናቴ አስምሎኛል። አባትሽ በሀሺሽ ተከለከለ ልበላት? እዚያ ሀገር ይህ ቃል የሚወስደውን ያውቃል። «ወረቀቱ ትንሽ ዘገየ፣ ብዙም አይቆይ» አልኳት። «ስንት ጊዜ ነው ትንሽ ማለት አክስቴ?» አለችኝ። አምስት ዓመት ማለት አቃተኝ። አዳራሹን መለሱ። የእጮኛዋ እናት «እንግዲህ ልጃችንን አታስረጁብን» ብለው ላኩ አሉ። አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት ክፉ ሆኑ። እግሩ እንደ ድሮው አደረገው፤ እንዲያውም ባሰ። ሥራው ላይ ግማሽ ቀን ከቆመ ግማሹን መቀመጥ አለበት፤ ማናጀሩ ሰዓቱን ቀነሰበት። እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፣ ሕመም አይቼ አውቃለሁ፤ ግን የገዛ ወንድሜ ፎጣ ነክሶ ሲያቃስት ቁጭ ብሎ ማየት ሌላ ነው። ጎረቤቴ የሆነው ጎረምሳ ደግሞ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያን ነገር ያጨሳል። ለሕመም አይደለም፣ ለደስታው ነው። ካርድ የለው፣ ሐኪም የለው፣ ንስሐ አባት የለው። ሲያየኝ እጁን ያውለበልባል። ዜጋ ነዋ፣ ማን ምን ይለዋል! የኔን ወንድም የያዘው ሕግ ፈቃድ የጠየቀውን ብቻ ነው የሚይዘው። ተደብቆ ቢያደርገው ዛሬ ልጁን ድሮ ነበር። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ድስት ሁሉ ወርውሬ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ውሰደው በሞቴ። ማን ያይሃል?»

«አምስት ዓመት ሞልቶ ‹ወስደሃል?› ሲለኝስ?»

«አልወሰድኩም ትለዋለህ!»

«አይ አንቺ» ይለኛል።

ጥቅምት ላይ ልጅቷ ደወለችልኝ፤ አባቷ ስልክ ላይ ድምፁ እየደከመባት መጥቷል። «እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ ካንሰር ይዞታል አይደል? ሁላችሁም ትደብቁኛላችሁ» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። እንደኛ ሰው ልማድ ክፉ ወሬ የምደብቃት መስሏት ነው። በእናቴ ምዬ ነበር፣ አዎ። መሐላዬን አፈረስኩት። ደግሞስ እስከ መቼ! ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እግሩን፣ ጠብታውን፣ ፎልደሩን፣ ደብዳቤውን፣ አምስቱን ዓመት። «ያንቺ ወረፋ እንዳይጠፋ ብሎ ነው በቁሙ የሚቃጠለው» አልኳት። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ አላውቅም፣ በእሷ ላይ ነው የወጣው።

ከዚያ «እኔ ካገባሁ ማመልከቻው ይሰረዛል አይደል?» አለችኝ።

«ይሰረዛል። ኋላ ዜጋ ቢሆንና አዲስ ቢያመለክትልሽ እንኳ ያገባ ልጅ ወረፋ ዕድሜ የሚበላ ነው። እሱ አይደርስበትም።»

«እንግዲያው የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም» አለች።

ያን ጊዜ ምን እያለች እንደሆነ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እንደ እብድ ሕጉን እየተሳደብኩ አላዳመጥኳትም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጧት፣ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። ዓርብ ዕለት የተነሱት ነው፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ናቸው፤ እሷ ለሥራ በምትለብሰው ጉርድ ቀሚስ፣ እጮኛዋ በሹራብ፣ ሁለት ሁለት ምስክር ከግራና ከቀኝ። የጋብቻ ሰርተፍኬቱን ይዛ ትስቃለች። ከሥሩ «ለአባዬ አሳዪው። መድኃኒቱን ይውሰድ» የሚል ነበር።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ድልድዩን እስክሻገር ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ሱቁ በር ላይ አቆምኩ። በሥራ ቦታዬ የዕፅ ምርመራ አለ፣ ጠርሙሱን መንካት እንኳ እፈራ ነበር፤ ያን ቀን ግን ለማንም ግድ አልነበረኝም። ጥበቃው መታወቂያዬን አየ፣ እንኳን ደህና መጡ አለኝ። ያን ጠብታ ገዝቼ ወጣሁ። በሦስት ደቂቃ። ማንም ፈቃድ አለሽ ወይ አላለኝም።

ወንድሜ ከቅዳሴ ተመልሶ ሶፋው ላይ ነበር፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ። ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አየው፣ ፎቶውን በጣቱ አስፍቶ የእሷን ፊት ብቻ አደረገው።

«ማን ነገራት?» አለኝ።

«እኔ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። ፊቷን እያየ ቆየ፤ ከዚያ «ደስ ብሏታል?» አለኝ።

«ትስቃለች» አልኩት።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። አልነካውም። ሰዓቱን አየ፣ እግሩን አሸ፣ አሁንም ፎቶውን አየ። ብዙ ቆይቶ «እንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምታገሠው» አለና እጁን ዘረጋ። ክዳኑን መክፈት አቅቶት እኔ ከፈትኩለት። ከምላሱ ሥር አደረገው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከዚያ ትከሻው ወረደ፣ እጁ ተፈታ፣ እንደተቀመጠ አንገቱን ጥሎ ተኛ። ከሰኔ ወዲህ እንዲያ ተኝቶ አላየሁትም። ፀሐዩ በመስኮቱ ፊቱ ላይ መጥቶ እንኳ አልነቃም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ተንገበገብኩ፤ የምመታው ሰው ባገኝ እመታ ነበር።

ስልኩ ጠራ። እሷ ናት።

«ወሰደ?» አለችኝ።

«ወሰደ።»

«እግሩስ?»

«ተኝቷል። ልቀስቅሰውና እንኳን ደስ ያለሽ ይበልሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ስታለቅስ ሰማኋት፤ ስልኩን ከአፏ አርቃ ነው ያለቀሰችው።

«አትቀስቅሺው አክስቴ» አለች። «እኔ እንደሆን አልመጣም። እሱ እንኳ ይተኛ።»